ፎርጅዷ ፌራሪ

የማያሚው ፖሊስ ሶኒ ክሮኬት ሌሊት በባሕሩ ዳርቻ የሚያከንፋት ጥቁር ፌራሪ፣ ፌራሪ አልነበረችም። ላይ ላዩን ለሚያያት ዴይቶና ስፓይደር ነች፤ አፍንጫዋ ረዝሞ የወጣ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ቀለሟ የመንገድ መብራት የሚንሸራተትበት። ቦዲዋ ግን ፋይበር ግላስ ነበር። ከሥር ያሉት ሻንሲና ሞተር ደግሞ ከጣሊያን ሳይሆን ከአሜሪካኑ ሸቭሮሌ ኮርቬት የተገኙ ናቸው። የሠራት ማክበርኒ የሚባል የካሊፎርኒያ ድርጅት ሲሆን ሙያውም ይኸው ነበር፦ የኮርቬትን ልብስ ገፍፎ የፌራሪን ማልበስ።

እውነተኛዋን ለምን አልተጠቀሙም? ዴይቶና ስፓይደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስትመረት ከፋብሪካ የወጡት በጠቅላላ ከ125 አይበልጡም። እንዲህ ያለችውን መኪና ገዝቶ በየሳምንቱ ጎማዋን ማስጮህ፣ አስፋልት ላይ ማሽከርከርና ከግንብ ጋር ማላተም ለየትኛውም ፕሮዲዩሰር የሚዋጥ ሐሳብ አይደለም። ኮርቬት ግን ብትጋጭ መለዋወጫዋ በየሰፈሩ አለ፤ ፋይበር ግላሱም ቢሰነጠቅ ተጠግኖ፣ ቀለም ተቀብቶ በማግስቱ ለቀረጻ ይደርሳል። ተመልካቹ እንደሆነ ልዩነቱን አያውቅም። የፌራሪ ፋብሪካ ግን ያውቃል።

«ማያሚ ቫይስ» ኤንቢሲ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው መስከረም 16 ቀን 1984 ነው፤ በእኛ መስከረም 6 ቀን 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሌሎቹን ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ። «ቫይስ» የሚሉት ቁማርን፣ ሴተኛ አዳሪነትንና አደንዛዥ ዕፅን የሚከታተለውን የፖሊስ ክፍል ነው። ክሮኬትና ከኒው ዮርክ የመጣው ጓደኛው ሪካርዶ ተብስ የዚህ ክፍል ባልደረቦች ሆነው፣ የዕፅ ነጋዴ መስለው፣ ነጋዴዎቹ መሀል ይገባሉ። ሥራቸው ማስመሰል ነው። የተከታታዩን የጀርባ ታሪክ ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስገርመኝም፣ የሚያስመስሉት ገጸ ባሕርያቱ ብቻ አለመሆናቸው ነው። መኪናው፣ ግድግዳው፣ ሽጉጡ፣ ሌላው ቀርቶ የጊታሩ ድምፅ ሳይቀር አስመሳይ ነበር። ይባስ ብሎ ደግሞ ከአንዴም ሁለቴ ማስመሰያው እውነተኛውን ጎትቶ አመጣው።

በመጀመሪያ የመጣው ፌራሪ ነው። ተከታታዩ ዝና ባገኘ ቁጥር ኩባንያው ከማስታወቂያው ይልቅ የታየው የማንነት ስርቆቱ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በየሳምንቱ የሚያደንቃት «ፌራሪ» እውነተኛዋ ከምትመረትበት ከማራኔሎ ያልወጣች፣ የሌላ ሰው ሥራ ነች። አዛውንቱ ኤንዞ ፌራሪ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ኩባንያቸውም የመኪኖቹን ቅርጽ እየቀዱ የሚሸጡትን ሁሉ ፍርድ ቤት ማቆም ያዘ። ከተከታታዩ አዘጋጆች ጋር የነበረው ጉዳይ ግን በስምምነት አለቀ። ኩባንያው ሁለት አዳዲስ ቴስታሮሳ መኪኖችን ይሰጣል፤ በምትኩ አስመሳይዋ ዴይቶና ከነአካቴው ትጠፋለች።

ጸሐፊዎቹ ይህን ትእዛዝ ወደ ታሪክ ለወጡት። መስከረም 26 ቀን 1986 በተላለፈው የሦስተኛው ሲዝን መክፈቻ አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ትከሻ ላይ የሚነገተውን የስቲንገር ሚሳይል ኃይል ለገዢዎቹ ማሳየት ያስፈልገዋል። ዒላማ የሆነችው የክሮኬት መኪና ነች። ሰውየው ተኩሶ ያቃጥላታል፤ ክሮኬት ደግሞ የሚወዳት መኪና በዓይኑ ፊት ስትነድ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ጠበቆች የጀመሩትን ሚሳይል ጨረሰው። በነገራችን ላይ በዚያው ክፍል አየርላንዳዊ ታጣቂ ሆኖ የተወነው ሊያም ኒሰን ነው፤ ያኔ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ቴስታሮሳዎቹ ሲመጡ ጥቁር ነበሩ። የተከታታዩ ዋና ፕሮዲዩሰር ማይክል ማን ግን በሌሊት ቀረጻ ጥቁር መኪና ጥቁር ሰማይ ውስጥ ጠፍታ እንደምትቀር ያውቃል። ስለዚህ ከጣሊያን የመጡት መኪኖች ወደ ቀለም ቀቢ ተልከው ነጭ ሆኑ። ዛሬ ሰው ሁሉ «የማያሚ ቫይስ መኪና» ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ያ ነጭ ቀለም ፋብሪካው የመረጠው አይደለም። ነገሩም በዚህ አላበቃም። እውነተኛ ቴስታሮሳ እጅ ከገባ በኋላም ለመጋጨትና ለመገልበጥ የሚደፍራት ስላልነበረ፣ በ1972 የተሠራች ዴ ቶማዞ ፓንቴራ ተፈልጋ የቴስታሮሳ ቦዲ ተገጠመላት። የአንዷን አስመሳይ መቃጠል አስገድዶ የመጣው እውነተኛ ዕቃ ራሱ ሌላ አስመሳይ አስፈለገው ማለት ነው።

ወትሮም ቢሆን አንድ ነገር ተመልካቹን መከንከኑ አይቀርም፤ ፖሊስ በደመወዙ ፌራሪ ከየት ያመጣል? ክሮኬት ፈጣን ጀልባ አለው፣ መኖሪያው በመርከብ ማቆሚያ የታሰረች ባለሸራ ጀልባ ነች፤ ጀልባዋን ደግሞ ኤልቪስ የሚባል አዞ ይጠብቃል። አዞው የመጣው ክሮኬት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከብ ነበር ተብሎ ከተጻፈለት ታሪክ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ቡድን መለያ አዞ ነውና። ለመኪናውና ለጀልባው የተሰጠው መልስ ግን ከሕግ መጽሐፍ የተወሰደ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ፖሊስ ከዕፅ ነጋዴ የወረሰውን ንብረት ለራሱ ሥራ እንዲያውለው ይፈቅድ ነበር። የታሪኩ ፈጣሪ አንተኒ የርኮቪች ይህን ሲያነብ ነው ሐሳቡ የበራለት፦ ነጋዴውን ለመያዝ የነጋዴውን መኪና የሚነዳ፣ የነጋዴውን ሸሚዝ የለበሰ ፖሊስ። የርኮቪች ቀደም ሲል «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የተባለው የፖሊስ ድራማ ጸሐፊና ፕሮዲዩሰር ነበር። አዲሱን ሥራውን መጀመሪያ የሰየመው «ጎልድ ኮስት» ብሎ ነው።

ሌላም የትውልድ ታሪክ አለ፤ በብዛት የሚነገረውም እሱ ነው። የኤንቢሲ መዝናኛ ክፍል ኃላፊ ብራንደን ታርቲኮፍ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «የኤምቲቪ ፖሊሶች» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያች ሁለት ቃል ተከታታዩ ተወለደ ይባላል። ኤምቲቪ ሙዚቃን በምስል እያጀበ ቀን ከሌት የሚያሳይ፣ ያኔ ገና ሦስት ዓመት የሆነው ጣቢያ ነው። ወረቀቷ ለቴሌቪዥን አለቆች ታሪክ ትመቻለች፤ እኔ በበኩሌ ሚዛኑ ወደ የርኮቪች ያደላብኛል። አንድ አለቃ ስሜትን ሊያዝ ይችላል፤ የንብረት ውርስ ሕግን ወደ ድራማ መለወጥ ግን የጸሐፊ ሥራ ነው። የርኮቪች ራሱ በመጀመሪያው ሲዝን መጀመሪያ አካባቢ ጥሎ ሄደ፤ ልጁን ያሳደገው ማይክል ማን ነው።

ማይክል ማን ወደ ሥራው የገባው በቀለም ሕግ ነው። መሬት የሚመስል ቀለም በካሜራው ፊት አይቆምም፤ ቡናማ የለም፣ ቀይ የለም። ከክፍሎቹ አንዱን የመራው ዳይሬክተር ቦቢ ሮዝ ያኔ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ ስክሪፕቱ «መርሴዲስ መጥታ ትቆማለች» ካለ የመኪና ክፍሉ ሦስት አራት መርሴዲስ አምጥቶ ያስመርጣል፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ብርማ። ቀይ ወይም ቡናማ ግን አትጠብቅ። ሮዝ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የሎሚ አረንጓዴ፣ የኮክ ቀለም እየተመረጡ ከተዋናዩ ካናቴራ እስከ ጀርባው ያለው ግድግዳ ድረስ እንዲስማሙ ይደረግ ነበር። ክሮኬትንና ተብስን ሆነው የሚተውኑት ዶን ጆንሰንና ፊሊፕ ማይክል ቶማስ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ልብስ ይቀይራሉ፤ አርማኒ፣ ቬርሳቼ፣ ሁጎ ቦስ። ከኮት በታች ካናቴራ፣ እጅጌው እስከ ክንድ የተሰበሰበ፣ ሞካሲን ጫማ ያለ ካልሲ፣ ጥቁር ሬይ ባን መነጽር፣ ያልተላጨ ጺም። ጺሙ እንዲሁ የተተወ የሚመስለው ሁሉ ተሳስቷል፤ ሁልጊዜ ያው የሁለት ቀን ጺም ሆኖ እንዲታይ በመቁረጫ ይስተካከል ነበር። ገበያው ወዲያው ገባውና «ማያሚ ዲቫይስ» የሚባል ጺምን አጭር አድርጎ የሚያስቀር መላጫ ወጣ። ማሲስ የተባለው ትልቁ መደብርም ለወጣቶች ልብስ በተከታታዩ ስም ክፍል ከፈተ።

ወጪው ታዲያ ቀላል አልነበረም። በ1985 አንዱን ክፍል ለመሥራት ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ይፈስ ነበር። በዚያው ዘመን እውነተኛው የማያሚ ፖሊስ የቫይስ ክፍል የዓመት በጀቱ 1.16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የዓርብ ማታዋ የአንድ ሰዓት ጨዋታ የእውነተኞቹን መርማሪዎች የዓመት በጀት ውጣ ትራፊም ይጎድላታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ እነዚያ መርማሪዎች ዓርብ ማታ ቤታቸው ተቀምጠው ምን ይሉ እንደነበር ማሰቤ አልቀረም።

ከገንዘቡ ከፊሉ ለሙዚቃ ነበር። እስከዚያ ድረስ የቴሌቪዥን ድራማዎች ታዋቂ ዘፈን ሲያስፈልጋቸው ለሌላ ድምፃዊ በርካሽ ያዘፍኑት ነበር፤ ማያሚ ቫይስ ግን የዋናዎቹን ዘፋኞች ቅጂ ለመግዛት በየክፍሉ 10 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ከፈለ። በዚህ አንድ ነገር እንኳ ፎርጅድ አልተቀበለም። ውጤቱ ቶሎ የታየው በመጀመሪያው ክፍል ነው።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ሌሊት ነው፤ ክሮኬትና ተብስ የዕፁን አለቃ ካልዴሮንን ሊይዙ እየነዱ ነው። ሁለቱም ዝም ብለዋል። የፊል ኮሊንስ በ1981 የወጣው «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» ቀስ ብሎ ይጀምራል። ካሜራው አንዴ የሚሽከረከረውን ጎማ፣ አንዴ በጥቁሩ ኮፈን ላይ የሚያልፉትን የመንገድ መብራቶች፣ አንዴ ጠብመንጃውን በእርጋታ የሚያጎርሰውን ተብስን ያያል። በመሀል ክሮኬት ከጎዳና ዳር ስልክ አጠገብ ያቆምና ሊፈታት ለተቃረበችው ሚስቱ ይደውላል። የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ በመካከላችን የነበረው እውነት ነበር ወይ? እውነት ነበር ትለዋለች። ስልኩን ዘግቶ ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ከበሮውም ይፈነዳል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ለታሪኩ የሚጨመር መረጃ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ልምድ ያለው የቴሌቪዥን አዘጋጅ «ከቤት ወጡ፣ ደረሱ» ብሎ በሁለት ቀረጻ የሚጨርሰውን መንገድ ዳይሬክተሩ ቶማስ ካርተር የክፍሉ ልብ አደረገው። የፖሊስ ድራማ ሰዎቹ ከሚናገሩት ይልቅ በዝምታቸው ሊታይ እንደሚችል ያሳየ መንገድ ነበር። ፊል ኮሊንስም በቀጣዩ ዓመት ራሱ መጥቶ አጭበርባሪ ሆኖ ተወነበት።

ከዘፈኖቹ ውጭ ያለው ማጀቢያ ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው። ያን ሐመር በ1948 ፕራግ የተወለደ፣ የሶቪየት ታንኮች በ1968 ቼኮዝሎቫኪያን ሲወሩ አገሩን ጥሎ የወጣ፣ ከማሃቪሽኑ ኦርኬስትራና ከጊታሪስቱ ጄፍ ቤክ ጋር የሠራ ሙዚቀኛ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር ባለው ቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ የተቀነባበረው ክፍል በቴፕ ይላክለታል፤ ብቻውን እያየ፣ ብቻውን እየቀረጸ ይመልሳል። ኦርኬስትራ የለ፣ የሙዚቃ አለቃ ስብሰባ የለ። ፌርላይት በሚባለው ኮምፒውተር አከል ሲንተሳይዘር የከበሮውንም፣ የባሱንም፣ የጊታሩን የሚመስለውንም ድምፅ እሱው ይጫወታል። በተከታታዩ ውስጥ ጊታር እየጮኸ ነው ብለን የሰማነው ብዙው ድምፅ የሚወጣው ከኪቦርድ ነው፤ ከጊታሪስቶች ጋር ያሳለፋቸው ዓመታት የጊታርን አወራረድ በጣቱ ውስጥ አስቀምጠውለት ነበር። የመግቢያው ዜማ በኅዳር 1985 የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ቁጥር አንድ ሆነ፣ ሁለት ግራሚም አስገኘለት። ግጥም የሌለው ዜማ እንደገና የዚያ ሰንጠረዥ አናት ላይ እስኪወጣ እስከ 2013 መጠበቅ ግድ ሆኗል። የተከታታዩ የሙዚቃ አልበም ደግሞ ለ11 ሳምንታት ቁጥር አንድ ነበር።

ሽጉጡ ሌላ ጉድ ነው። ክሮኬት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች በብብቱ ሥር የሚያንጠለጥለው ብሬን ቴን ዶርናውስ ኤንድ ዲክሰን በተባለ ትንሽ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የተሠራ፣ 10 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ አዲስ መሣሪያ ነበር። ለቀረጻ የመጡት ግን 10 ሚሊ ሜትር አልነበሩም፤ ለዚያ ልክ የሚሆን የቀረጻ ጥይት ስላልነበረ ነጥብ 45 እንዲጎርሱ ሆነው ነው የተዘጋጁት። ላያቸውም በሌሊት ብልጭ እንዲል በክሮም ተለብጧል። ቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ይህን ሽጉጥ ፈለገ። ኩባንያው ደግሞ ለብዙ ደንበኞቹ ሽጉጡን ሲልክ ካርታውን ማድረስ አቃተው፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጥይት ማጉረሻ የሌለው ብረት ታቅፎ ቀረ። ኩባንያው በ1986 ከሰረ። በአሜሪካ እጅግ ታዋቂ የነበረው ሽጉጥ ከሱቅ ጠፍቶ በቴሌቪዥን ብቻ ይተኩስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተዋናዮቹን ስለመምረጥ ብዙ ወሬ አለ፤ አብዛኛውን ልለፈው። ዶን ጆንሰን ከዚያ በፊት ሳይሳኩ የቀሩ የሙከራ ተከታታዮች ነበሩትና ጣቢያው አመንትቶ ነበር። ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ነው። የሁለቱ ፖሊሶች አለቃ መጀመሪያ ሌተናንት ሮድሪጌዝ ነበር፤ የተወነው ግሪጎሪ ሲየራ ለመልቀቅ ሲፈልግ በአራተኛው ክፍል በተቀጠረ ገዳይ ተተኩሶበት እንዲሞት ተደረገ። ቦታው ለኦልሞስ ሲቀርብ ደጋግሞ እምቢ አለ። የሚቃወመው ገንዘቡን አልነበረም፤ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ የሚያስረውን ኮንትራትና ገጸ ባሕርዩን ሌላ ሰው እንዲቀርጽለት ነበር። ሁለቱንም አስለወጠና ገባ።

የገባው ሰው ማርቲን ካስቲዮ ሆነ፦ ጥቁር ሱፍ፣ ቀጭን ክራቫት፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም። በዚያ ሁሉ የሮዝና የሰማያዊ ጎርፍ መሀል የቀለም ሕጉ የማይነካው ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ድምፁን አያነሳም። ሲያናግሩት ወደ መሬት ወይም ወደ ጎን ያያል፤ ሰውን ዓይን ለዓይን ካየ ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። በትዕይንቱ ላይ አብረውት ያሉት ተዋናዮች የሚያዩት ዓይን ሲያጡ ይቸገራሉ፤ ካሜራውም ሳይወድ ወደ እሱ ይሳባል። ሌሎቹ በልብስና በመኪና የሚታገሉለትን ትኩረት እሱ ባለመንቀሳቀስ ይወስዳል። በ1985 ተከታታዩ ለ15 ኤሚ ታጭቶ አራት ብቻ ሲያሸንፍ፣ ከአራቱ አንዱ የኦልሞስ ነበር፤ የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት። ዋናዎቹ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት።

ከሁለቱ አንዱ፣ ፊሊፕ ማይክል ቶማስ፣ ለሽልማት ያለውን ምኞት በአንገቱ ያንጠለጥል ነበር። ሐብሉ ላይ አራት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ሲነበቡ «ኢጎት»። ኤሚ ለቴሌቪዥን፣ ግራሚ ለሙዚቃ፣ ኦስካር ለፊልም፣ ቶኒ ለቲያትር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አራቱንም እወስዳለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ከአራቱ ለአንዱም እንኳ በዕጩነት ስሙ አልተጠራም። ቃሉ ግን ተረፈ። ዛሬ አራቱን ሽልማቶች አሟልቶ የወሰደ ሰው በተገኘ ቁጥር የዓለም ጋዜጦች «ኢጎት አገኘ» ብለው ይጽፋሉ፤ የፈጠረው ሰው ስም ሳይነሳ።

እንግዶቹን ብንቆጥር መሽቶ ይነጋል። ብሩስ ዊሊስ በኅዳር 1984 ሚስቱን የሚደበድብ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ ሲመጣ ገና የሚያውቀው አልነበረም። ጁሊያ ሮበርትስ በ1988 መጣች። ከሙዚቀኞች ማይልስ ዴቪስ የሴተኛ አዳሪዎች ደላላ፣ ሊዮናርድ ኮኸን የፈረንሳይ ኢንተርፖል ሹም፣ ፍራንክ ዛፓ የዕፅ ነጋዴ ሆነዋል። የክራይስለር መኪና ኩባንያ ሊቀ መንበር ሊ አያኮካ ሳይቀር ለአንድ ቀን ተዋናይ ሆኖ ታየ። ወሬው ከተሰማ በኋላ ዝነኞች መጋበዝ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ እኛንስ የሚሉት እነሱ ናቸው። ይህ ነገር ተከታታዩን ጠቅሞታልም ጎድቶታልም፤ አንዳንዱ ክፍል ከታሪክ ይልቅ የእንግዳ መቀበያ ይመስላል። በሦስተኛው ሲዝን ማይክል ማን ወደ ሌላ ሥራ አዘነበለ፣ ቀለሞቹ ጠቆሩ፣ ጣቢያውም ሰዓቱን አንድ ሰዓት ቀድሞ ከ«ዳላስ» ጋር አጋጠመው። ከዚያ ወዲህ የተመልካቹ ቁጥር እንደ ድሮው አልሆነም፤ በ1989 አበቃ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የከተማዋ ነገር ነው። በ1980 በስድስት ወር ውስጥ 125 ሺህ ያህል ኩባውያን ከማሪዬል ወደብ በጀልባ ፍሎሪዳ ገቡ። በዚያው ዓመት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ደብድበው የገደሉ ፖሊሶች በነጻ ሲለቀቁ ከተማዋ በአመፅ ነደደች። የኮኬይን ጦርነቱ ሰው ከመግደሉ የተነሳ አስከሬን የሚያኖሩበት ጠፍቶ የማቀዝቀዣ መኪና ተከራዩ። ታይም መጽሔት በ1981 የፊት ገጹን ለደቡብ ፍሎሪዳ ሰጥቶ ገነት ጠፋች ወይ ብሎ ጠየቀ። ስለዚህ የማያሚ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ስለ ዕፅና ግድያ የሚያወራ ድራማ ሊቀረጽ ነው ሲባል ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የ«ስካርፌስ» ፊልም ሠሪዎች ተቃውሞው በዝቶባቸው አብዛኛውን ቀረጻ ወደ ሎስ አንጀለስ ወስደው ነበር።

ባሕር ዳር ያለው ሳውዝ ቢች ደግሞ ያኔ ከተማዋ የረሳችው ሰፈር ነበር። በ1930ዎቹ የተሠሩት አርት ዴኮ ሆቴሎች ግድግዳቸው ተልጦ፣ በረንዳቸው ላይ በጡረታ የሚኖሩ አዛውንቶች ወንበር ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባርባራ ባየር ካፒትማን የምትባል ሴት ከ1976 ጀምሮ እነዚህ ቤቶች አይፍረሱ ብላ ማኅበር መሥርታ ስትሟገት ቆይታለች፤ በ1979 ሰፈሩ በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ እንዲገባም አድርጋለች። ሊዮናርድ ሆሮዊትዝ የተባለው ባልደረባዋ ደግሞ የደበዘዙትን ግንቦች በሮዝ፣ በፈዛዛ ሰማያዊና በኮክ ቀለም እየቀባ ቢያምሩ ምን እንደሚመስሉ ያሳይ ነበር። የቴሌቪዥን ሰዎች ሲደርሱ የጠበቃቸው ይህ ነው፦ ርካሽ፣ ባዶ፣ ግን ቅርጹ የተሟላ ሰፈር፤ ቀለሙንም ሌላ ሰው የጀመረላቸው። ካሜራው የማያየውን ሳይነኩ የሚያየውን ግድግዳ ቀቡ። በመግቢያው ላይ ደግሞ የአዲሱን ማያሚ ገጽታ አስገቡ፤ በ1982 የተጠናቀቀውንና መሀሉ ላይ በአራት ማዕዘን ተበስቶ ቀዳዳው ውስጥ የዘንባባ ዛፍና ቀይ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለበትን አትላንቲስ ሕንጻ።

ተመልካቹ ይህችን ከተማ በቴሌቪዥን አይቶ ሊጎበኛት መጣ። ሲመጣ ያገኘው በከፊል የቀረጻ ቀለም ነበር፤ ባለሆቴሎች ግን እንግዳው የሚፈልገውን አይተው የቀረውን ግድግዳ ራሳቸው ቀቡት። የፋሽን መጽሔቶች ፎቶ አንሺዎች ተከተሉ፣ ሬስቶራንቶች ተከተሉ፣ ገንዘብ ተከተለ። በመጀመሪያ የፈሩት ባለሥልጣናትም ተከታታዩን እንደ ራሳቸው ማስታወቂያ ማየት ጀመሩ። ብዙ ጊዜ የሳውዝ ቢች ትንሣኤ ለድራማው ብቻ ይሰጣል፤ ይህ ካፒትማንንና ሆሮዊትዝን መበደል ነው። የእነሱ ዓመታት ክርክር ባይቀድም ካሜራው የሚቀርጸው ሰፈር አይኖርም ነበር።

ዝናው ለሁሉም ቤት ጥላ አልሆነም። የቦታው ዋጋ ሲያሻቅብ በረንዳ ላይ የነበሩት አዛውንቶች ኪራዩን መቻል አቅቷቸው አንድ በአንድ ሰፈሩን ለቀቁ። በ1988፣ ተከታታዩ ገና በየሳምንቱ እየተላለፈ ሳለ፣ ካፒትማንና ጓደኞቿ ብዙ የተሟገቱለት ሴናተር ሆቴል ፈረሰ። ባለቤቶቹ ቦታውን የፈለጉት ለመኪና ማቆሚያ ነበር።